በካልሲ የሚኬድበት ቤት

«ማንን ነው የምትጠቅሺው አንቺ? እዚህ ያለሁት ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ወንድምሽ ነኝ!»

ጋኤታን ይህን ያለው ገና በሩን ከፍቶ ሳይገባ ነው። የእህቱ የጊሌን የግራ ዓይን ቆብ እስከ ግማሽ ወርዶ ለሆነ ሰው ምስጢር የምትነግር አስመስሏት ነበር። ጊሌን ራሷም ሳቀች። የያዘችውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ ብላ ከጠረጴዛው ጫፍ አልፋ አየር ላይ ለቀቀችው፤ ወለሉ ላይ ሲከሰከስ ለዚያም ሳቀች። «ተዉኝ እባካችሁ፣ ካርቶን ስሞላ ነው ያነጋሁት። ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። ጋኤታንን እንኳ ሁለት አድርጌ ነው የማየው፤ አንዱ መቼ አነሰኝና!» ታላቅ እህታቸው ኮሎምብ ግን አልሳቀችም። ወጥ ቤቱ ጥግ ቆማ ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። ይህን ቀልድ ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። የት እንደሰማችው፣ ማን እንደተናገረው ሊመጣላት አልቻለም።

በእኛ ከተማ የኪራይ ውል ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ቀን ነው፤ ጁላይ አንድ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ በረዶ ለምን ይወርዳል ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ ሁሉ። በዚያ ቀን የሞንትሪያል እኩሌታ ከቤቱ ይወጣና የሌላው እኩሌታ ቤት ይገባል። መንገዱ ግራና ቀኙ በፍራሽ፣ በቁም መብራትና እግሩ በተሰበረ ወንበር ይሞላል። መኪና አከራዮች የሌላውን ቀን ዋጋ ሦስት እጥፍ ይጠይቃሉ፤ ዓመቱን ሙሉ የረሳችሁት ዘመድ ድንገት ትዝ ይላችኋል፤ ክንድ አለውና። የቀኑ ደመወዝ ቢራና ፒዛ ነው። በጓዝ ቀን ወገቡን ያልያዘው፣ አንገቱ ያልደረቀ፣ ራሱን ያልፈለጠው ሰው አይገኝም። ሁሉም ስለሚታመም ማንም እንደ ታመመ አይቆጠርም።

ጊሌን በዚህ ቤት ልጆቿን አሳድጋ፣ ባሏን ቀብራ፣ ጡረታ ወጥታበታለች። ያከራያት ሰውዬ «ቤቱን ላድስ ነው» ብሎ ነው ያስወጣት። ማደስ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይኸኛው ግን የቀለም ቆርቆሮ እንኳ ለወጉ ሳይገዛ ቤቱን እጥፍ ሊሆን ጥቂት በቀረው ዋጋ ለሌላ ሰው ሰጠው። አዲሱ ተከራይ ዊልነር የሚባል፣ ወላጆቹ ከሄይቲ የመጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከጧቱ መጥቶ ታች እግረኛ መንገዱ ላይ ሶፋውን ዘርግቶ፣ እርጉዝ ሚስቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ጃንጥላ አስይዟታል። እሱም ከሌላ ቤት ተባርሮ የመጣ ነውና ማን በማን ይቆጣል! ሲነጋገሩ ሁሉም እንደ ሐዘንተኛ ትሑት ነበሩ። «አይዞሽ እማማ፣ አትቸኩዪ» ይላል ዊልነር ሰዓቱን እያየ። «አሁን ጨርሰናል የኔ ልጅ» ትላለች ጊሌን፣ ገና ግማሹ ሳይወርድ።

ኮሎምብ እግሯ አልረጋ አለ። አንድ ሳጥን ታወርድና ሁለተኛውን ሳታነሳ ጊሌንን ፍለጋ ትመለሳለች፤ መኝታ ቤት ታጣታለች፣ ሰገነት ላይ ታገኛታለች፣ ፊቷን ታያለች፣ ምክንያት ታጣና ጨርቅ አንስታ ንጹሑን መስኮት ትወለውላለች። ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ የተነሱበት ቦታ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ሁሉ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ አላስችል አላት።

«ያምሻል? ዓይንሽን ማለቴ ነው።»

«ከኋላው ይጠዘጥዘኛል። ሰሞኑን ነው። ምነው እንደ ፖሊስ አፈጠጥሽብኝ?»

«ሐኪም አሳየሽው?»

«በጓዝ ቀን ሐኪም! ይልቅ ያንን ካርቶን አንሺልኝ።»

ጋኤታን ከደረጃው ሥር ሰምቷል። «ኮሎምብ ዛሬ ዶክተር ሆና መጥታልናለች! ዶክተር፣ የኔንም ጉልበት እይልኝ እስቲ፤ ካርቶኑን ካወረድሽ በኋላ ግን!» ሰፈሩ ሳቀ። ማዶ ቤት ማቀዝቀዣ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ቢራ የሚጠጡ የማያውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ኮሎምብ ካርቶኑን አንስታ ወረደች። ጋኤታን ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ነው እንጂ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ በቀልድ ነው የሚያባርረው፤ እስከ ዛሬ ደግሞ ሠርቶለታል።

ቀትር ላይ ከከባዱ ዕቃ የቀረው ፍሪጁ ነበር። ይህ ፍሪጅ የጊሌን ነፍስ ነው። የቤቷ ዕቃ ሁሉ ሰው ሲጠላው እሷ የወሰደችው ነው፤ ፍሪጁን ግን ምግብ ከምታበስልበት ትምህርት ቤት ጡረታ የወጣች ጊዜ ከነላስቲኩ ገዛችው፤ ላስቲኩን ለመንቀል ወር ፈጅቶባታል። በሩ ላይ ጣት ያረፈበት እንደሆነ በክንዷ እጅጌ ትጠርገዋለች። የሞንትሪያል ደረጃ ደግሞ ከቤት ውጭ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ጠባብ፣ ወገቡ ላይ የተጠማዘዘ። ያን የነደፈው ሰው በዕድሜው ፍሪጅ አይቶ አያውቅም። ዊልነር ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ከታች ገባ፣ ጋኤታን ከላይ፣ ጊሌን ሰገነቱ ላይ ቆማ የፍሪጁን ማሰሪያ ጫፍ ያዘች። ኮሎምብ «ስጪኝ እኔ ልያዝ» ብትላት «ፍሪጄን ለማንም አልሰጥም» አለች። ጋኤታን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ፤ «በጽዋው! ወደ ግራ! በታቦቱ! ወደ ግራ አልኩ እኮ!» ቅዳሴ ከረገጠ ስንት ዘመኑ ነው፤ ከቄሶቹ የቀረለት ስድቡ ብቻ ነው። እዚህ አገር የሚሳደብ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው።

«ዋይ!» አለች ጊሌን።

ጮክ ብላ አልነበረም። ማሰሪያውን ለቀቀችና በሁለት እጇ ማጅራቷን ያዘች፤ ከዚያ ማን እንደመታት ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ የተከፈተ በር ብቻ ነው ያለው። ታች ፍሪጁ ተንሸራቶ በጠመዝማዛው ላይ ተቀረቀረ፤ ጋኤታን ጣቱን ሊያጣ ነበርና ታቦቱን፣ ጽዋውንና ጻሕሉን በአንድ ትንፋሽ ጠራ። «ማን ነው የመታኝ?» አለች ጊሌን። ፊቷ እንደ ሊጥ ነጥቷል። ኮሎምብ ደግፋ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻት፤ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ቁርሷን መለሰችው። ጋኤታን ፍሪጁን ተሻግሮ፣ በደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መጣ። ሙቀቱ ነው አለ። ባዶ ሆድ ነው አለ። ትናንት ማታ የጠጣችው ቢራ ነው አለ። ዊልነርም ከታች «ውሃ ስጧት፤ የኔንም ሚስት ጧት እንዲሁ አድርጓት ነበር» አለ፤ ሚስቱ እርጉዝ መሆኗን ረስቶ። ጊሌን ግን አፏን ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና «ራሴን ነው» አለች። «ተዉኝ፤ የእማማ ራስ ነው።»

ይህን ስትል ጋኤታን ምክንያት መደርደሩን ተወ። እነ ኮሎምብ ከሰሜን፣ ከሳግኔ የመጡ ናቸው፤ በዚያ ቤት ሴቶቹ ራስ ምታት ይወርሳሉ፣ ወንዶቹና ልጆቹ ደግሞ ዝምታ ይወርሳሉ። «የእማማ ራስ»፣ የእናታቸው ሕመም ሲነሳ መጋረጃ ይዘጋል፣ ራዲዮ ይጠፋል፣ ከፋብሪካ የመጣ አባት ቦት ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ይገባል፤ ማንኪያ የጣለ ልጅ ጆሮው ይጠመዘዛል። ማንም ወደ ክፍሉ አይገባም። ምን ሆንሽ ብሎ መጠየቅ ብልግና ነው። ይህ ለእነሱ ፍቅር ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ፍቅር የሚያውቅም አልነበረም። ጋኤታን እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ባዶው መኝታ ቤት ወሰዳት፣ የቀረውን ፍራሽ ወለሉ ላይ ዘረጋላት፣ መጋረጃው ታሽጎ ስለነበር ብርድ ልብስ ፈትቶ መስኮቱ ላይ በምስማር መታላት፤ መዶሻውን እንኳ በፎጣ ጠቅልሎ ነው የመታው። በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። ወደ ሰገነቱ ሄዶ «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝም እንበል» ብሎ ለዊልነር በሹክሹክታ ነገረው። ዊልነር ጨዋ ነው፤ እሺ አለ። ጧቱን ሙሉ ሲንጫጫ የነበረው ቤት ጭር አለ።

ኮሎምብ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። የመኝታ ቤቱ በር አጠገብ የጋኤታን ቦት ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አፍንጫቸው ወደ ግድግዳው። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ያ አፈኛ፣ በነጭ ካልሲ በእግሩ ጣቶች እየሄደ፣ በአንድ እጁ ሁለት አስፕሪን ይዞ መጣ። ኮሎምብ ጫማዎቹን አየች፤ ያን ጊዜ ቀልዱ የማን እንደሆነ መጣላት። የአባቷ ነው። ልጆች ሳሉ አንድ ቀን ጧት፣ ሳግኔ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የእናታቸው ዓይን ወድቆ አባቷ «ማንን ነው የምትጠቅሺው?» ብሎ፣ ሁላቸውም ስቀው ነበር። ቀትር ላይ ራሷን አመማት። ቤቱ በካልሲ ሄደ። የሚያምር፣ ማንኪያ ያልወደቀበት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ምሽት ላይ አባታቸው ሾርባ ይዞ በሩን ሲከፍት እናታቸው ከቀዘቀዘች ቆይታለች። የዓይኗን ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አንስቶት አያውቅም። የገደላት ንዴት ነው ተባለ።

በሩን በእግሯ ነው የከፈተችው። ብርድ ልብሱን ከነምስማሩ ገነጠለችው፤ የፀሐይ ብርሃን ገባ። «ዝጊው! ምን አደረግሁሽ!» ብላ ጊሌን ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች። ኮሎምብ ተንበርክካ ክንዷን አነሳችው። የቀኙ ዓይን ብሌን በብርሃኑ ጠብቧል፤ የግራው፣ የወደቀው፣ እንደ ጥቁር አዝራር ተከፍቶ ቀርቷል።

«አገጭሽን ወደ ደረትሽ አድርጊ።»

«አልችልም። አንገቴ ደርቋል። ፍሪጅ ስጎትት…»

«ሁላችንም ስንጎትት ነው የዋልነው ጊሌን።»

ጋኤታን ከበሩ ላይ ሆኖ በሹክሹክታ ተቆጣ፤ «ምን ነካሽ ኮሎምብ! ተያት ትተኛ! አታሟርቺባት!»

«ጮክ ብለህ ተናገር!» አለች ኮሎምብ፤ በዕድሜዋ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። «እማማም ትተኛ ብለን ነው የተውናት! ዓይኗን እይ! እስቲ እንደ ጧቱ ቀልድበት!»

ጋኤታን አየ። ኮሎምብ ስልኳን አውጥታ ለአስቸኳይ እርዳታ ደወለች። ያነሳችው ሴት ሕመሙ ቀስ እያለ ነው የመጣው ወይስ ድንገት ብላ ጠየቀቻት። «እንደ ዱላ ነው የመጣው» አለች ኮሎምብ። «ማን መታኝ ብላ ዞራ አይታለች።» ዓይኗ መውደቁን፣ ማስመለሷን፣ አንገቷ መድረቁን ነገረቻት። የሴትዮዋ ድምፅ ያን ጊዜ ተለወጠ፤ አታስነሷት፣ ለብቻዋ አትተዉአት፣ የሚዋጥ ነገር እንዳትሰጧት፣ አስፕሪን በተለይ እንዳትሰጧት አለች። ጋኤታን በእጁ የያዘውን አየና እንዳቃጠለው ሁሉ በመስኮቱ ወረወረው።

አምቡላንሱ መጣ፤ ግን ከመንገዱ ጫፍ ማለፍ አልቻለም። የጭነት መኪኖች ሁለት ረድፍ ሠርተው ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ደግሞ ሁሉም የሆነ ሰው አልጋ ተሸክመዋል። ሁለቱ የሕክምና ሠራተኞች ቃሬዛቸውን ይዘው በሩጫ መጡና ደረጃው ሥር ቆሙ። ቀና ብለው ፍሪጁን አዩ። «በኋላ በኩል ደረጃ የለም?» አለች አንደኛዋ፣ ክንደ ብርቱ ወጣት። ነበረ፤ በስብሶ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባለቤቱ በገመድ አስሮ ትቶታል፤ እሱንም ሊያድሰው ነበር። ልጅቷ በፍሪጁ ጎን በመደገፊያው ብረት ላይ ተሻግራ ወጣች፣ ጊሌንን አየች፣ ሁለት ነገር ጠየቀቻት፣ ከዚያ ለጓደኛዋ ወደ ታች «አሁን ነው መውረድ ያለባት፤ ተኝታ ነው የምትወርደው» አለችው። ጋኤታን በካልሲው ደረጃው ላይ ቆሞ ያልበዋል። «ትንሽ ታገሡኝ፤ እናልፈዋለን፤ ዊልነር፣ ወደ ግራ ስትል…»

«ጣለው» አለች ኮሎምብ።

«የጊሌን ፍሪጅ እኮ ነው! በሕይወቷ የገዛችው አንድ አዲስ ዕቃ…»

«ጋኤታን! ጣለው!»

መልስ አልጠበቀችም፤ ወርዳ ትከሻዋን ሰጠችው። አንዲት ጉልበቷን የሚያማት ሴት፣ ከፍሪጅ ጋር። ጋኤታን አንድ አፍታ አያት። ከዚያ ለዊልነር «ከሥሩ ውጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ጎንበስ አለ፣ የቀረውን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሁሉ ጠርቶ ከሥሩ አነሳው። ፍሪጁ መደገፊያው ላይ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ተገልብጦ አበባ የተተከለባት ትንሽ መሬት ላይ በጀርባው ወደቀ። በሩ ተገንጥሎ እስከ ሶፋው ድረስ ሄደ። የዊልነር ሚስት እግሯን ሰበሰበች። ማዶ ያሉት ጠጪዎች አጨበጨቡ፤ «ዋንጫው የእናንተ ነው!» አለ አንዱ። ጊሌን በቃሬዛው ታስራ በሰገነቱ በኩል ስትወጣ ጭብጨባው በየእጁ ተቋረጠ፤ ቢራውን መሬት አስቀምጦ የተነሣም ነበር። ዊልነር ከታች ተቀብሎ ተሸከመ፤ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ በሰው አልጋና በሰው ጠረጴዛ መካከል፣ «አሳልፉን! አሳልፉን!» እያለ።

ሆስፒታል ውስጥ ኮሎምብ መቀመጥ አልቻለችም። የመጠበቂያ ክፍሉን ትዞራለች፣ ከማሽን ውሃ ትገዛለች፣ ሳትጠጣው ትረሳለች፣ ሌላ ትገዛለች። ሐኪሟ መጥታ በወረቀት ላይ ሣለችላት፤ ራስ ቅል ውስጥ ያለ የደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር፤ ዓይኗን የጣለው የዓይኑን ነርቭ ተጭኖት ነው፤ ቀትር ላይ ትንሽ ተቀድዶ ደም አፈሰሰ። ሁለተኛ ቢፈስ ኖሮ ብላ አልጨረሰችውም። አሁን በብሽሽቷ በኩል በቀጭን ሽቦ ገብተን ልንደፍነው ነው አለች። «ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?» ኮሎምብ የለም ልትል ነበር። «እናቴ» አለች። «ንዴት ነው ተባለ።» ቀጥላ «አክስቴም ልብስ ስታሰጣ ነው የወደቀችው፤ እሷን ብርድ ነው አሉ» አለች። የገዛ ድምፅዋ ሌላ ሰው የሚናገር መሰላት። ሐኪሟ እስኪርቢቶዋን አስቀመጠችና «አንቺም ወንድምሽም ትታያላችሁ» አለቻት።

ሥራው ሲያልቅ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች፤ የጁላይ ፀሐይ መሄድ አትወድም። ጊሌን ራሷ በትራስ ከፍ ብሎ፣ ሽቦና ቱቦ ተተክሎባት ተኝታለች። በየሰዓቱ አንድ ነርስ እየመጣ ዓይኗን ገልጦ በባትሪ ያበራባታል፤ ስምሽ ማን ነው፣ ያለሽው የት ነው፣ እጄን ጭመቂ ይላታል። «ሰው አያስተኙም እዚህ ቤት!» አለች ጊሌን በተጎተተ ምላስ። ኮሎምብ እንዲህ የሚያስደስት ብሶት ሰምታ አታውቅም፤ ነርሱን ልትስመው ምንም አልቀራት።

ጋኤታን የቀረውን ዕቃ ከዊልነር ጋር አውርዶ፣ መኪናውን መልሶ ላብ ላብ እየሸተተ መጣ። ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ በርከክ ብሎ የቦት ጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው ኮሎምብ።

«ተኝታ ይሆናል ብዬ።» ሹክ ነበር የሚለው።

«አታውልቅ። እንደነበርህ ግባ። ስትመጣ ትስማህ።»

ጋኤታን ቀና ብሎ አያት። ማሰሪያውን መልሶ አሰረው፤ ሁለት ጊዜ ሳተው። ከዚያ ገባ፤ ቦት ጫማው በዚያ ንጹሕ ወለል ላይ እየጮኸ፣ ከነአፈሩ።

«ጋኤታን ነህ?» አለች ጊሌን ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ነኝ።»

«ፍሪጁ ወረደ?»

«ወረደ።»

«አልተጫረም?»

ጋኤታን ኮሎምብን አያት። የሚለው ቀልድ ከንፈሩ ላይ መጣ፤ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ያ ሁሉ ሰውዬ የአልጋውን ብረት ይዞ እየጮኸ አለቀሰ። ጊሌን ፊቷን አጨማደደች። «ምን ሆነ ደሞ ይሄ? በእናታችሁ፣ መብራቱን አጥፉልኝና ውጡልኝ።»

ኮሎምብ ከጥግ ወንበር ጎተተች፤ እግሮቹ ወለሉን እያፋጩ አልጋው አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠችበት።

«አንወጣም» አለቻት።